ምጣዷን ገዝተን እጇን የምንሸሸው

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ስለ ሃይማኖት መቻቻል በተነሳ ቁጥር ንግግሩ በክርስቲያኑና በሙስሊሙ ዙሪያ ብቻ ይሽከረከራል። ሸክላ ስለሚሠሩት፣ ብረት ስለሚቀጠቅጡትና «ጠይብ» እየተባሉ ስለሚገለሉት ጎረቤቶቻችን ግን እምብዛም አይወራም። ከእነርሱም መካከል ራሳቸውን ቤተ እስራኤል የሚሉና የአባቶቻቸውን እምነት ከጎረቤት ሸሽገው የኖሩ ቤተሰቦች አሉ።

ለምን እንደሸሸጉት መጠየቅ የዋህነት ነው። በጥንቱ ሥርዓት ያልተጠመቀ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ተከልክሎ እንደነበር ይተረካል፤ መሬት ያጣው ወደ ጭቃውና ወደ ወናፉ ዞረ፣ ሙያው ደግሞ በተራው «ቡዳ» የሚል ስም አተረፈለት። ዛሬ እምነቱን ከሙያው ነጥሎ የሚሳደብ የለም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ተገምደዋል።

ሕግ አላነሰንም። አፄ ምኒልክ ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረዋል፤ የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሽሯል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን አረጋግጧል፤ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም አለ። ከእነዚህ አንዱም ግን የለቅሶ ቤት ጓዳ ድረስ አልዘለቀም።

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች መንደር ለቅሶ ደርሼ ያየሁትን ልናገር። የእድሩ ሴቶች ጓዳ ገብተው ይጋግራሉ። አንዲት ሸክላ ሠሪ፣ መዋጮዋን ሳታጓድል የምትከፍል አባል፣ እንጨት ተሸክማ መጣች፤ ውሃም ቀዳች። ሊጡ ዘንድ ስትጠጋ ግን አንዷ፣ ድምፅዋን ሳታሰማ፣ ቡሃቃውን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። እሳቱ ላይ የተጣደው ምጣድ የዚያችው ሴት የእጅ ሥራ ነበር፤ ገዢዋ ገበያ ላይ በጣቷ አንኳኩታ፣ ድምፁን አዳምጣ፣ ተከራክራ የገዛችው። (ቡዳነቱ በእሳት ይነጻል ካልተባለ በቀር ነገሩ ለእኔ አይገባኝም።)

ስለዚህ ሥራው ከእድር ቢጀመር እላለሁ። ቄሱም ሼኩም «ቡዳ» የሚባል የሰው ዘር እንደሌለ በአደባባይ ቢናገሩ ብዙ ይረዳል፤ መምህሩም ልጆች በዚህ ስም ሲጠራሩ ዝም ብሎ ባያልፍ። የእድር ደንብ ግን ቅጣት አለው። ከቀብር የቀረ ይቀጣል፤ አባልን «ቡዳ» ብሎ የሰደበ የሚቀጣበት መስመር ግን እስካሁን ባየኋቸው ደንቦች ውስጥ አልገጠመኝም። እሱ ይጻፍ፤ ከሥሩም ማንኛዋም አባል ተራዋ ሲደርስ እንደምታቦካና እንደምትጋግር ይጨመርበት።