ታክሱ ሲሰበሰብ የመንግሥት፣ ሲመለስ የማን?

የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2025 መገባደጃ ላይ፣ አየር መንገዶች በራሳቸው ጥፋት ለሚዘገይ በረራ ከ200 እስከ 775 ዶላር ካሳ እንዲከፍሉ የታሰበውን ረቂቅ መጣሉ ሳያንስ፣ «የተሰረዘ በረራ» የሚባለው ምን እንደሆነና የቲኬት ዋጋ እንዴት እንደሚተዋወቅ የሚወስኑትን ደንቦችም እንደገና ለመጻፍ ማቀዱን አሳውቋል። ዓላማው በኩባንያዎቹ ላይ ያለውን ጫና ማቃለል ነው ተብሏል። የመንገደኛውን ጫና ማን እንደሚያቃልለው የተናገረ ግን የለም።

የአየር መንገዶቹ ተሟጋቾች እንደተለመደው «ካሳ ከተከፈለ የቲኬት ዋጋ ይንራል» ይላሉ። ይህን የሚሉት አውሮፓ የሚባል አህጉር የሌለ ይመስል ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2005 ጀምሮ እስከ 600 ዩሮ ካሳ የሚያስከፍል ሕግ አለው፤ ራያንኤርን የመሰሉ በርካሽ የሚያበርሩ ኩባንያዎች በዚያው ሕግ ሥር ገነኑ እንጂ አልከሰሙም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የታክሱ ጉዳይ ነው። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ የሚያደርስ ቲኬት የገዛ ሰው ደረሰኙን እስከ ታች ያንብበው። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ የተጣለው 5 ዶላር ከ60 ሳንቲም የደኅንነት ክፍያ፣ የኤርፖርቱ የመንገደኞች ክፍያ፣ የጉምሩክና የኢሚግሬሽን ክፍያዎች በየረድፋቸው ተቀምጠዋል። በመካከላቸው «ዋይ ኪው» ወይም «ዋይ አር» የሚል ምልክት ያለው፣ ብዙ ጊዜ ከሁሉም የሚበልጥ ሒሳብ ይገኛል። ይህ ታክስ አይደለም፤ አየር መንገዱ ራሱ የጨመረውና ራሱ ኪስ የሚገባ፣ ታክስ መስሎ ከታክስ ጋር የተሰለፈ ገንዘብ ነው። ሲሸጡ «ዋጋውን ያስወደደው መንግሥት ነው» ብለው ማሳበብ ስለሚቀናቸው፣ ከ2012 ጀምሮ ጠቅላላውን ዋጋ ከነታክሱ ጎልቶ እንዲታይ ያስገደደውን ደንብ ስፒሪት፣ አሌጂያንትና ሳውዝዌስት ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ተሟግተውት ተረትተዋል። ስለዚህ ታክሱ ሲሰበሰብ የመንግሥት ነው፤ በረራው ተሰርዞ መንገደኛው ገንዘቡን ሲጠይቅ ግን «ገቢ ሆኗል፣ እኛንም አይመለስልንም» ይባላል። ይህን ቀዳዳ የደፈነው ያው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በ2024 ያወጣው የገንዘብ ተመላሽ ደንብ ነው፤ ታክሱ ለአየር መንገዱ ተመለሰም አልተመለሰ፣ መንገደኛው የከፈለውን በሙሉ፣ በክሬዲት ካርድ ከሆነ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲያገኝ ያዛል። እንግዲህ የስረዛ ትርጓሜና የዋጋ ማስታወቂያ ደንብ በአንድ ጊዜ የተነኩት በአጋጣሚ ነው የሚል ካለ፣ የዋህነቱ ያስቀናል።

ደንቡ በመላምት የተጻፈ አይደለም። በ2020 ኮቪድ በረራዎችን ሲያስቆም፣ ኮንግረስ ለመንገደኞች አየር መንገዶች የሠራተኛ ደመወዝ ብቻ 25 ቢሊዮን ዶላር መደበ፤ በዚያው ወቅት ብዙዎቹ ገንዘቡን ለጠየቀ መንገደኛ የሚያቀርቡት ለሌላ ጉዞ የሚያገለግል ቫውቸር ነበር። በኖቬምበር 2022 ኤር ኢንዲያንና ኤል አልን ጨምሮ 6 አየር መንገዶች ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመንገደኞች መመለሳቸው ሲገለጽ፣ ገንዘቡን ለመመለስ በመዘግየታቸው የተጣለባቸው መቀጫ በድምሩ ከ7 ሚሊዮን ዶላር ጥቂት ከፍ ያለ ነበር። ያለ ወለድ ብድር ማለት ይኸው ነው፤ አበዳሪው ደግሞ እናቱን ለመጠየቅ ዓመቱን ሙሉ ሲቆጥብ የከረመ ሰው ነው።

በአንድ ነገር አልከራከርም፤ የበረራ ቁጥሩ ብቻ ተቀይሮ አውሮፕላኑ በሰዓቱ ከተነሣ «ተሰርዟል» ማለት አያስኬድም። ያንን ለማረም ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል።

በእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ አብዛኛው ሰው ቲኬቱን የሚቆርጠው በጉዞ ወኪል በኩል በመሆኑ፣ ወኪሉ ወደ አየር መንገዱ፣ አየር መንገዱ ወደ ወኪሉ ሲያመላልሰው ይከርማል። የ2024ቱ ደንብ ለዚህም መልስ ነበረው፤ ክፍያውን በስሙ የተቀበለው ወገን ይመልሳል። አዲሱ ረቂቅ ለሕዝብ አስተያየት ሲቀርብ የአየር መንገዶቹ ጠበቆች ገጽ በገጽ መጻፋቸው አይቀርምና፣ ገንዘቡ የተያዘበት ሁሉ የራሱን ደረሰኝ አያይዞ ይጻፍ፤ በተለይ ያቺን የ«ዋይ ኪው» ረድፍ አስምሮባት።