48 ሺህ ሊትር ወደ ቦይ

በቀደም ኮምቦልቻ አንድ ዘመዳችን ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። ዘመዳችን ዓረብ አገር ለዓመታት ሠርቶ የተመለሰ ሰው ነው፤ ግቢው ውስጥ 8 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ መዋኛ ገንዳ አሠርቷል። አቦሉ ሳያልቅ ክርክር ተነሣ። አንዲት የሠፈሩ ትልቅ እናት «ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት አገር ይህን ሁሉ ውሃ ለመንቦጫረቂያ? አላህ አይጠይቅህም ወይ ልጄ?» አሉት። አንገቱን ደፋ።

እኔ በሐሳባቸው ልስማማ ምንም አልቀረኝም ነበር። በዚህ መሀል ዘበኛው ከጓሮ መጥቶ ውሃው ዳግመኛ አረንጓዴ መሆኑን ተናገረ። «አብሽሩ፣ ዛሬ ማታ እደፋዋለሁ፤ ነገ በቦቴ ይሞላል» አለ። በሦስት ወር ውስጥ ሦስተኛ ጊዜው ነው። የኔ ንዴት የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የገንዳው አማካይ ጥልቀት አንድ ሜትር ተኩል ስለሆነ 48 ሺህ ሊትር ይይዛል፤ በሃያ ሊትር ጀሪካን 2,400 ማለት ነው። በበጋ ፀሐይ በቀን አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ቢተንበት የሚያጣው 160 ሊትር፣ ማለትም ስምንት ጀሪካን ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተደፋ ገንዳ የ300 ቀን ትነት ይዞ ይሄዳል። ዘመዳችን በሦስት ወር ወደ ቦይ የለቀቀው ውሃ የዛሬው ማታ ሲጨመርበት፣ ገንዳውን በአግባቡ ቢይዘው ኖሮ ከሁለት ዓመት በላይ የትነቱን ማሟያ ይሆን ነበር። እናታችን የተቆጡት ገንዳው በመሞላቱ ነው። እኔ የምቆጣው በመደፋቱ ነው።

ውሃው ለምን አረንጓዴ ሆነ? ዘበኛው ክሎሪኑን የሚበትነው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይ ደግሞ መከላከያ የሌለውን ክሎሪን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ትበላዋለች። ምሳ ሰዓት ላይ ገንዳው ባዶ እጁን ቀርቷል። መድኃኒቱ ሲመሽ ቢጨመርና ሲያኑሪክ አሲድ የሚባለው ማረጋጊያ በሊትር ከ30 እስከ 50 ሚሊ ግራም ቢኖር ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር። ፒኤች የሚባለውን የውሃውን የአሲድነት ልክም ያየው ሰው የለም። ፒኤች 7.5 ሲሆን ከክሎሪኑ ጠንካራውን ሥራ የሚሠራው ግማሽ ያህሉ ነው፤ 8 ሲደርስ ሩብ ያህሉ ብቻ ይቀራል። ዘበኛው ግን ውሃው እንቢ ባለው ቁጥር እፍኙን ያበዛል። ለምን ይፈረድበታል? ከውጭ የመጣ ሰማያዊ ሴራሚክ ያነጠፈው ተቋራጭ፣ ኪስ ውስጥ የምትገባ የውሃ መመርመሪያ እንኳ አላስረከበም። ፊልተሩ ላይ ያለው የግፊት መለኪያ ምን እንደሚያሳይ የነገረውም የለም። መርፌው ፊልተሩ ንጹሕ ሳለ ከነበረበት በግማሽ ባር ገደማ ከፍ ሲል፣ ፊልተሩ ውስጥ ያለው አሸዋ በተቃራኒ ግፊት ይታጠባል፤ ትምህርቱ ይኸው ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አረንጓዴ የሆነ ውሃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ግድግዳው በብሩሽ ይፈተጋል፣ ፒኤቹ ወደ 7.2 ይወርዳል፣ ሲመሽ ጠንከር ያለ ክሎሪን ይጨመራል፣ ፓምፑ ሌት ተቀን ይዞራል፣ ፊልተሩ በየጊዜው ይታጠባል። በጥቂት ቀናት ውስጥ የገንዳው ወለል ይታያል። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ እንደሚቆም አውቃለሁ፤ መጥፋቱ የማይቀር ከሆነ ግን በመጣ ቁጥር ማካካስ ነው።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። የክሎሪኑ በርሜልና የፒኤች መቀነሻው አሲድ ዘበኛው በሚተኛባት ቆርቆሮ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱ ቢገናኙ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ነው። አንድ ሰው በዚያ ክፍል ለሦስት ወር አድሯል።

ደፍቶ ባዶውን መተውም መፍትሔ አይደለም። ዋልካ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ውሃ የሌለበትን ግድግዳም ይገፋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ሲል ደግሞ ባዶ ገንዳ ከታች ተገፍቶ እንደ ጀልባ ሊነሣ ይችላል። ደሴ ላይ ገንዳ ስለሚመኙት ብዙ አልልም፤ ጦሳ ተራራ ሥር የሚያድር ውሃ ማሞቂያ ከሌለው ልጆቹ አውራ ጣታቸውን ነክረው ይሮጣሉ።

ሞልቶ የተረሳው ገንዳ ግን የሠፈር ጉዳይ ነው። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሃር ላይ ነበር፤ በኋላ ባቲም ተገኝታለች። ይህች ትንኝ ረግረግ አትፈልግም። በርሜል፣ የውሃ ታንከርና ለግንባታ የተጠራቀመ ውሃ ይበቃታል። ባቲና ኮምቦልቻ ደግሞ ሰኞ ሰኞ በገበያ የሚገናኙ ጎረቤቶች ናቸው።

የአጥር ጉዳይም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. 300 ሺህ ያህል ሰዎች ሰጥመው እንደሞቱ ገምቷል፤ ሩብ ያህሉ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ነው። «የግቢው አጥር አለ» ይባላል። ወሎ ውስጥ ግን የግቢ በር ገርበብ ብሎ ነው የሚውለው። ቡና ሲጠራ ጎረቤት ልጁን አዝሎም አስከትሎም ይገባል፤ እናቶች ወሬ ሲይዙ ልጆቹ ጓሮ ናቸው። ገንዳው ራሱ ቢያንስ 1.2 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በሩ በራሱ የሚዘጋ አጥር ያስፈልገዋል። ማዘጋጃ ቤት የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ የገንዳውን አጥር፣ የፓምፕና የኬሚካል ክፍሉን፣ ፊልተሩ ሲታጠብ ውሃው የሚሄድበትን ቦታ በፕላኑ ላይ ካላየ ማኅተሙን ባያሳርፍ እመርጣለሁ።

በረካው ሲቀዳ ይህን ሁሉ ለቤቱ ሰው ተናገርኩ፤ ምናልባት ለእንግዳ ከሚገባው በላይ። ዘበኛው መድፊያውን ሳይከፍት ተመለሰ። ዘመዳችን ብሩሽ የሚገዛበትን ሱቅ ጠየቀኝ። እናታችን ሲኒያቸውን አስቀምጠው «ታዲያ ስምንቱ ጀሪካንስ?» አሉኝ። በማይዋኝበት ሰዓት ሁሉ ሽፋን ቢደረግበት ወደ ግማሽ ገደማ ሊወርድ እንደሚችል ነገርኳቸው። «አራቱስ?» አሉ። ለእሱ መልስ አልነበረኝም።