እጅ እያለ ካርቶን ምን ያደርጋል

ጎጃም የቅኔ አገር ነው ሲባል ዋሸራና ጎንጅ ብቻ ትዝ የሚላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል፣ መንገድ ዳር ያሉት ጋራዦቻችንም ቅኔ ቤት ናቸው። የአጎቴን ልጅ ሲኖ ገልባጭ መኪና ይዘን ከቡሬ ወደ እንጅባራ መንገድ ላይ አንዱ ጋ ገባን፣ ካሶኒው፣ ማለትም የጭነት ሳጥኑ፣ ሲነሳ ግማሽ ላይ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል፣ ዘይትም ያንጠባጥባል፣ ከየት እንደሆነ ግን አይታይም።

መካኒካችን እንደ ፈሪ ሰው ሞተር አላጠፋም፣ ሌቨሩን ወዲያ ወዲህ አድርጎ ግፊቱን አላስተነፈሰም፣ ኧረ ምን ሲደረግ! ካሶኒውን እስከ ላይ አስነስቶ ስሩ ገባ። ከመኪናው ጋር የመጣው መደገፊያ ብረትማ የረዳቱ መቀመጫ ሆኗል፣ በሱ ፋንታ አንድ የባህር ዛፍ አጠና ተገተረ፣ አጠናው ካሶኒውን ይያዘው ካሶኒው አጠናውን እስካሁን አልገባኝም። ከዛ አውራ ጣቱን ካሶኒውን የሚያነሳው ዘይት የሚሄድበት ቱቦ ላይ አሳርፎ ላም እንደሚያልብ ሰው ቀስ እያለ ይዳብስ ጀመር።

«ጋሼ ካርቶን ላምጣ?» አለ ረዳቱ።

«ካርቶን ለእንቁላል ነው፣ እጅ እያለ!»

እውነቱን ነው። ካርቶን ወይ ጣውላ ብታስጠጋ የፈሰሰበት ይርሳል፣ ቀዳዳው ይታወቃል፣ አለቀ፣ ይሄ ምን ወንድነት አለው? ቱቦው ውስጥ ያለው እኮ ካሶኒን ከነአሸዋው የሚያነሳ ግፊት ነው፣ በግፊት መለኪያው በባር ከ100 በላይ ይሄዳል፣ ቆዳ ለመብሳት ደሞ 7 ባር ገደማ ይበቃዋል፣ ጓንትም አያቆመውም።

ቅኔው ታዲያ እዚህ ጋ ነው። ሰሙ «እሾህ ቢጤ ወጋኝ» ነው፣ ደም እንኳ በወጉ የለውም፣ ብዙም አያምም፣ ጠጅ ቤት ድረስ ያስኬዳል። ወርቁ ግን ዘይቱ ከቆዳ ስር ገብቶ ስጋውን እየገደለው ነው፣ ከሰዓታት በኋላ እጅ ያብጣል፣ ቶሎ ተከፍቶ ካልተጠረገ ጣት ይቆረጣል። ወርቁን የሚፈታው ሐኪም ነው፣ ያውም ቶሎ ከሄዱለት፣ እኛ ደሞ ያበጠው ይፈንዳ ብለን ፌጦ እንለጥፍበታለን።

«አገኘኋት!» አለ ከስር። ካሶኒው እንደተነሳ ቁልፍ አስጨብጦ የቱቦውን ማሰሪያ ሊፈታ ሲል የአጎቴ ልጅ «በሚካኤል!» ብሎ ጮኸ፣ ቢፈታ ካሶኒው ይወርድበታል፣ ይዞት የነበረው ዘይቱ ነዋ። በስንት ልመና፣ ሽማግሌ ሊላክ ምንም አልቀረው፣ ካሶኒው ወረደና ቱቦው ተቀየረ።

ሒሳብ ስንጠይቀው እጁን ዘርግቶ አሳየን። አምስት ሺ ማለቱ ነበር። የቆጠርነው ጣት ግን አራት ስለሆነ አራት ሺ ከፍለን ወጣን።