ፓውዛውን የሚያጠፋ ሰው ይጥፋ?

አሁን ነው የገባሁት፣ እጄ በብርድ ደርቋል ግን ይሄን ሳልጽፍ አልተኛም። ደብረ ብርሃን ላይ በመብራትና በድምፅ ታሪክ ግድግዳ ላይ ሊተረክ ነው ሲሉኝ እማዬን ጋቢ ደርቤላት ጎትቼ ወሰድኳት። ታሪኩ ደግሞ የራሳችን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ ሰማይ ላይ ታየ የሚባለው ብርሃን! ከዚህ በላይ ምን ይምጣልን?

ተጀመረ። የክብር እንግዶች ድንኳን ጫፍ ላይ ያለው ፓውዛ ግን ቦግ እንዳለ ነው፣ ግድግዳው ላይ ቀጥ ብሎ። ንጉሡ ከወገቡ በላይ የለም በቃ! ፕሮጀክተር እኮ ጥቁር ቀለም አይረጭም፣ ጥቁሩ የሚገኘው ከጨለማው ነው፣ ጨለማውን ከገደልከው ስዕሉም ሞተ። ትርኢቱን የሠሩት ልጆች ስንት ሌሊት የለፉበትን!

ባጅ ያንጠለጠለውን አስተባባሪ "ወንድሜ እባክህ ይቺን ፓውዛ አስጠፋልን፣ ምንም አይታይም" አልኩት። ከላይ እስከታች አየኝ።
"አንቺ ከየት ነሽ?"
"ከዚሁ፣ የከተማው ነዋሪ ነኝ።"
"ነዋሪ ቦታው ከኋላ ነው።"
ሰው ሁሉ እየሰማ! "ክቡራን እንግዶች በጨለማ ይቀመጡልሽ?" ብሎ ጨመረበት። አዎ ይቀመጡ! ሊያዩ አይደል የመጡት? የሰፈራችን የመንገድ መብራት ክረምቱን ሙሉ ጠፍቶ እኛ በባትሪ ስንገባ ማን ጠየቀን፣ አመልክተን መልሱ በጀት የለም ነው፣ ለድንኳን ሲሆን በጀቱ ከየት መጣ?

ከኋላማ ባሰ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር አካባቢ ነው የሚሄደው፣ ከመድረኩ 100 ሜትር ርቆ የቆመ ሞንታርቦ የሰከንድ ሲሶ ያህል ካላዘገዩት ቃሉ ሁለቴ ነው የሚሰማው፣ አንዴ ከሞንታርቦው፣ አንዴ ዘግይቶ ከመድረኩ። ድምፅ መቆጣጠሪያው ሚክሰር ላይ ዲሌይ የሚባል ማዘግያ አለ፣ ማስተካከል ነው! ማንም አልነካውም። "ንጉሡ ንጉሡ ብርሃን ብርሃን"፣ እማዬ "ምን አለ?" ትለኛለች፣ ምን ልበላት። ፈረንሳዮች ሻምቦር ቤተ መንግሥት ላይ በ1952 እ.ኤ.አ. ያሳዩትን፣ ግብፆች ጊዛ ላይ ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያሳዩትን ነገር እኛ ዛሬ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ መጫን አቅቶን!

የልጆቹን ስም እንኳን የጠራ የለም፣ ንግግሩ ግን አያልቅም ነበር። እባካችሁ የምታውቋቸው ካላችሁ ቪዲዮውን በቴሌግራም አስልኩልኝ፣ አንዴ እንኳን በጨለማ ላየው እፈልጋለሁ።