በስንት ገዛሽው?

ባለፈው እሁድ የጎረቤት ልጅ ልደት ተጠርተን፣ እኔና ልጄ አንድ ዓይነት ቀሚስ ለብሰን ሄድን። "እናትና ልጅ" የሚባለውን። ገና በሩን ሳንዘልቅ አንዲት እንግዳ ከሶፋው ተነስታ መጣች። የልጄን ቀሚስ ጫፍ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ያዘችና አሸት አሸት አደረገችው። ጤፍ የምትገዛ ነበር የምትመስለው። ከዚያ ቀና ብላ "በስንት ገዛሽው?" አለችኝ። ነገርኳት።

"ውይ፣ ተበልተሻል!"

ደህና ናችሁ የለ። ልጅሽ አደገች የለ። ተበልተሻል። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። እጄን ጎተት አድርጋ "ማሚ፣ ማነው የበላን?" አለችኝ።

የዚህ ጥያቄ ክፋቱ ትክክለኛ መልስ የሌለው መሆኑ ነው። ብዙ ካልሽ ተበልተሻል። ጥቂት ካልሽ "እኔም ብያለሁ፣ ጨርቁ ያስታውቃል" ትባያለሽ። "ስጦታ ነው" ካልሽ "ማን ሰጠሽ?" ይከተላል። እሱ ደግሞ ሌላ መዘዝ ነው፣ በተለይ ባልሽ አጠገብሽ ከተቀመጠ። "ረሳሁት" ብዬም ሞክሬያለሁ። "አይ ያለው ሰው! የከፈለውንም ይረሳል" ተባልኩ።

ማሳረጊያው ግን ሁሌም አንድ ነው። "ምነው ለእኔ ብትነግሪኝ! በግማሽ ዋጋ አስገዛሽ ነበር። ሽሮ ሜዳ ሰው አለኝ።"

ሰው አለኝ! በዚህ ከተማ ሰው የሌለኝ እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ። አንዷ ሽሮ ሜዳ ሰው አላት፣ አንዷ መርካቶ፣ አንዷ ቱርክ የምትመላለስ ጓደኛ አላት። ታዲያ "እስቲ ሰውየውን አሳዪኝ" ስትያት ሰውየው ያኔውኑ ይታመማል። ስልኩ ይዘጋል። ሱቅ ይቀይራል። "በቃ ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን" ትልሻለች፤ ቅዳሜ ለቅሶ ይወጣባታል። እንደምንም አንዷን ይዤ ሄጄ ሰውየውን በዓይኔ አየሁት። የጠራልኝ ዋጋ ከጎኑ ካለው ሱቅ በ400 ብር ይበልጣል። "በእሷ ስለመጣሽ ነው እንጂ አልሰጥሽም ነበር" አለኝ። ስንወጣ ሴትዮዋ ወደ ኋላ ቀርታ ከሰውየው ጋር ምን እንደተንሾካሾከች እግዜር ይወቅ።

ሽሮ ሜዳን ግን እወደዋለሁ። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ስትወጡ የአሜሪካ ኤምባሲን አለፍ እንዳላችሁ ግራና ቀኙ ነጭ በነጭ ይሆናል። ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ሸማኔዎች ያቀኑት ሰፈር ነው። ከሱቆቹ ጀርባ ገባ ብላችሁ ካያችሁ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ የሚልክ ሰው አታጡም። ከፊት ለፊት ግን ምን ተሰቅሏል? ውጭ አገር ጥለት ታትሞበት የመጣ ሽፎን። ከሩቅ ጥበብ ነው፤ ሲጠጉት ቀለም ነው። ሻጩ ሁለቱንም "የእጅ ሥራ ነው" ይልሻል። እጅ እንደነካው አልጠራጠርም።

እኔን የሚያበግነኝ የልጅ ቀሚስ ዋጋ ነው። ለእኔ 4,500 ብር ጠራ። ለልጄ 3,800። ከእኔ ቀሚስ የእሷን አራት ማውጣት ይቻላል።

"እህቴ፣ ሥራው ያው እኮ ነው" አለኝ። "እንዲያውም የልጅ ይከብዳል። ጥለቱ ሲያንስ ዓይን ይፈጃል።"

"ታዲያ ለአራስ ቢሆን ስንት ልትለኝ ነበር?"

አልሳቀም። ደግሞ ያ የሚያብረቀርቀው ክር የልጁን አንገት እንዴት እንደሚፋጅ አይነገርሽም። ገበር ይግባበት ስትይ ጭማሪ አለው። ያለ ገበር ገዝተሽ ከሄድሽ በበዓሉ ፎቶ ላይ አንቺ ትስቂያለሽ፣ ልጅሽ አንገቷን ታካለች። በዓመቱ ደግሞ ቀሚሱ ጉልበቷ ላይ ይቀራል። 3,800 ብር ለአንድ ጥምቀት፣ ለአንድ እንቁጣጣሽና ለአንድ ሰርግ። ሰርግ ከተገኘ ነው።

"ምነው እንዲህ ተወደደ?" ካልሽ መልሱ የተዘጋጀ ነው። "ዶላር ጨምሯል።" ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲዘል ሁላችንም አይተናል። አልካድኩም። ግን ሸማኔው የጨንቻ ሰው፣ ሰፊው የሰፈር ልጅ፣ ሱቁ ሽሮ ሜዳ፤ ዶላሩ በየት በኩል ገባ?

"በክሩ።"

"ክሩ ምን ሆነ?"

"ያብረቀርቅ የለ እንዴ? የሚያብረቀርቀው ከውጭ ነው።"

እሺ፣ እዚህ ላይ ረታኝ። ጎመን የምትሸጥልኝ ሴት ግን እሷም ዶላር ትለኛለች። ጎመኑ አያብረቀርቅም።

ለነገሩ ለበዓል ልብስ እንዲህ የምንቃጠለው ዛሬ የመጣ ጠባይ አይደለም። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" የሚል ተረት ያለን ሰዎች ነን። ይሄን ተረት ስወደው! ቁጣውን እዩልኝ። ይታጠፍ አይል፣ ለከርሞ ይቀመጥ አይል፣ ለእህቷ ይሰጥ አይል። ይበጣጠስ! ሊቃውንቱ ምን እንደሚሉ እንጃ፣ እኔ ግን ይሄን የተናገረችው ሴት ናት ባይ ነኝ። ያናገራትም ልብስ ሰፊ ነው።

እንዴት አወቅሽ አትሉኝም? የራሴ አለኝ። ልጄ ሳትወለድ በፊት ነው። ኅዳር ላይ ለካኝ። "ለገና ትወስጂዋለሽ" አለኝ። ገና መጣ። "ነገ።" ነገ ሄድኩ። "ዚፑ ብቻ ቀርቶታል።" ዚፑ የሚመጣው ከየት እንደሆነ አላውቅም፣ በእግሩ ይመስለኛል። ከከተራው ዋዜማ ሄድኩ፣ መብራት ጠፍቷል። በከተራው ሄድኩ፣ እሱ ራሱ ጠፍቷል። ጓደኞቼ ጃን ሜዳ ጥበብ ለብሰው ሲጨፍሩ እኔ የአምናውን ቀሚስ ለብሼ ከኋላ ቆምኩ። ጥር 12 ረፋድ ላይ ደወለልኝ። "ደርሷል!"

"ጥምቀት እኮ ትናንት ነበር!"

"ቃና ዘገሊላስ ምን አላት? ሚካኤል ገና አልገባም እኮ።"

እውነቱን ነው፣ የሚካኤል ታቦት የሚገባው በ12 ነው። ልብስ ሰፊ ስትመርጡ ሃይማኖቱን የማያውቅ ምረጡ፣ ክርክር አትችሉትም። ሄጄ ተቀበልኩት። አንዱ እጅጌ ከሌላው ይረዝማል። "ሲታጠብ ይስተካከላል" አለኝ። ይኸው ስንት ዓመት ታጠበ፣ አልተስተካከለም። ሰውየው ዛሬም እዚያው ነው። በቅርቡ አጥሩ ላይ "የእናትና ልጅ ልብስ በትዕዛዝ እንሰፋለን" የሚል ሰሌዳ ሰቅሏል። በየትኛው ዓመት እንደሚያስረክብ ግን አልጻፈም።

አዲስ ያልቻለ ሰልባጅ አለለት። ሲመሻሽ መገናኛ ላይ ሸራው ይዘረጋል። "አንዱን በመቶ! ምረጪ ምረጪ!" እዚህ እንኳ ሰው አለኝ የሚል የለም። ዓይን ያለው ያገኛል። ብብቱን ታያለሽ፣ ጉልበቱን ታያለሽ፣ ዚፑን ወደ ላይ ወደ ታች ታደርጊያለሽ፣ ወደ መብራቱ አንስተሽ ቀዳዳ ትፈልጊያለሽ። የልጅ ሰልባጅ ከአዋቂው ይሻላል። ምክንያቱም የፈረንጅ ልጅ ልብሱን ሳይጨርሰው ያድግበታል። የአዋቂውን ግን ባለቤቱ እስኪበቃው ለብሶት ነው የጣለው። ከልጅሽ ጋር አንድ ዓይነት ለመልበስ ደግሞ አንድ ዓይነት ጨርቅ አትፈልጊ፣ አታገኚውም። ቀለም አገናኚ። ለልጄ ሰናፍጭ መልክ ሹራብ በ150 አገኘሁላት፣ ለእኔ ያንኑ ቀለም ሻርፕ በ100። በቃ፣ እናትና ልጅ ሆንን። ሽሮ ሜዳ ይህን አይሰማ።

ያገለገለ ልብስ ወደ አገር ማስገባት ክልክል ነው። ጉምሩክም በየጊዜው ይህን ያህል ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ልባሽ ጨርቅ ያዝኩ ይላል። ዜናውን ግማሾቻችን የምንሰማው ሰልባጅ ሹራብ ለብሰን ነው። አንድ ቀን ከሸራው ላይ ያነሳሁት የልጅ ቲሸርት አንገቱ ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ተሠራ የሚል ምልክት ነበረበት። ቆሜ ቀረሁ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ሲመረቅ ለውጭ ገበያ ልንሰፋ ነው ተብሎ ደስ ብሎን ነበር። በ2014 አሜሪካ ዕቃችንን ያለ ቀረጥ ታስገባበት ከነበረው ከአጎዋ አስወጣችን። እና ይሄ ቲሸርት ምናልባት አንዷ እህታችን ሰፍታው፣ ባሕር ተሻግሮ፣ የሰው አገር ልጅ አይስክሬም አንጠባጥቦበት፣ ቦንዳ ውስጥ ታስሮ፣ በኮንትሮባንድ በረሃ አቋርጦ አገሩ ገባ። ከእኔ የበለጠ አገር አይቷል። ሻጩ 120 ብር አለኝ። "የአገሬን ልብስ?" አልኩት። "እሱማ አሜሪካ ነው እህቴ፣ ጨርቁን እይው" አለኝ። ከልቡ ነው።

ሰልባጅ አንድ ችግር አለው፣ ደንብ አስከባሪ። "ደንብ!" የሚል ድምፅ ሲሰማ የሸራው አራት ማዕዘን በአንድ ጊዜ ይነሳል። እኔ የልጄን አንድ እጅ ካፖርት ውስጥ ከትቼ ሌላውን እየፈለግኩ ነበር። ሸራው ተጠቀለለ። ሻጩ ካፖርቱን አየ፣ ልጄን አየ፣ እኔን አየ። "እዚሁ ጠብቂኝ!" ብሎ ተፈተለከ። ግማሽ እጇ ካፖርት፣ ግማሽ እጇ አየር ሆና መንገድ ዳር ቆመን ጠበቅነው። ተመለሰ። በ300 የተስማማንበትን 350 አለው። "ምነው?" ስለው "ሮጬበታለሁ" አለኝ።

ጥሩ ጥሩውን ግን አታገኚውም። ቦንዳ ሲፈታ ቀድመው የሚደርሱት የቡቲክ ሴቶች ናቸው። ይመርጡታል፣ ያጥቡታል፣ ይተኩሱታል፣ ቦሌ ወስደው መብራት ሥር ይሰቅሉታል። መሬት ላይ 200 የነበረው ቀሚስ እዚያ 2,500 ነው። ቴሌግራም ላይ ከወጣማ ዋጋውም አይነገር፣ "በኢንቦክስ" ነው። ምን የሚያስደብቅ ነገር ተገኝቶ ነው? የጦር መሣሪያ አደለም፣ የልጅ ቱታ ነው! ዋጋውን ጻፉት! ስንጠይቃችሁ ደግሞ "ስንት ዓመቷ ነው? የት ሰፈር ነሽ?" ሰፈሬ ለቱታው ምን ያደርግለታል? ቦሌ ካልኩ የሚያድገው እጅጌው ነው ዋጋው? ይህን ያደረገችብኝን አንዷን ሻጭ አግጃታለሁ፤ አሁንም ቆጭቶኛል፣ ሁለት መስመር ልጽፍላት ይገባ ነበር።

የቡቲኩን የለበሰችም የመሬቱን የለበሰችም ስትጠየቅ መልሷ ያው ነው። "እህቴ ከአሜሪካ ልካልኝ።" አዲስ አበባ ውስጥ እህት አሜሪካ የሌለው የለም። የእኔ እህት አዳማ ናት፤ እሷም ለጓደኞቿ "እህቴ ላከችልኝ" ትላቸዋለች አሉ። ላኪዋ እኔ እሆን እንዴ?

ለማንኛውም፣ ስለ ልደቷ እንግዳ ነበር የጀመርኩት። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም፣ ቆይቼ ሳያት ኬኩንም ለልጄ ጨምራ ቆርሳላታለች። ግን የሰው ልጅ ቀሚስ ለብሳ ስትሽከረከር "ተበልተሻል" አይባልም። በልጅቱ ፊት አይባልም። ካልሽም ከተገዛ በኋላ አትበዪ፣ ከመገዛቱ በፊት ነይ። ሰው ካለሽ ሰውየውን አምጪው። ጥምቀት እየደረሰ ነው። ለስድስት ዓመት ልጅ፣ ቁመቱ ትንሽ የሚለቀቅ፣ አንገቱ ገበር ያለው፣ ከከተራ በፊት የሚያልቅ። ከልብስ ሰፊውም ጋር፣ ከዶላሩም ጋር አንቺው ተከራከሪልኝ።