ቧንቧዬ ብርድ ልብስ አጣ

ይሄን ነገር ዛሬ ካልተነፈስኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ብንርቅም ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ ነን፤ ብርዱ ሌላ አገር ነው። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት አበው እኛን አይተው መሆን አለበት። በዚህ ብርድ ቤቴን ሲሠሩልኝ ቦይለሩን ጓሮ ማድ ቤት ሰቀሉት፣ ሻወሩን ደግሞ በሌላኛው ጫፍ። መሀል ላይ 15 ሜትር የብረት ቧንቧ፣ በውጭ በኩል ግድግዳውን ታኮ፣ እርቃኑን! የሠራው ልጅ ምን አስቦ እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ጠዋት ሻወሩን ስከፍት መጀመሪያ 3 ሊትር ገደማ በረዶ የመሰለ ውሃ ይወርዳል፤ ቧንቧው ውስጥ ያደረው ነው። እሺ፣ እሱን ጀሪካን ላይ እቀዳዋለሁ። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። እኔ ታጥቤ ወጥቼ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ባለቤቴ ስትገባ እንደገና በረዶ። ያ በመብራት ያፈላሁት ውሃ ቧንቧው ውስጥ ቆሞ የጓሮውን ንፋስ ሲያሞቅ ነበር ማለት ነው! ቆጣሪው ግን ለንፋሱም ይቆጥራል።

እና ቧንቧውን ላልብሰው ብዬ ተነሳሁ። ያኔ ነው ጉዱ የጀመረው።

አንዱ የፍራሽ ስፖንጅ ጠቅልልበት አለኝ። ክረምት ላይ ውሃ ሲጠጣ እርጥብ ጨርቅ አልብሼው ልገኝ ነው? ሌላው ፌስታል በስኮች አለኝ፣ እሱን ዝም አልኩት። እማዬ ደግሞ የመንዝ ሰው ናት፣ «ልጄ፣ ምን ያስጨንቅሃል፣ ባና አልብሰው» አለች። እውነቷን ነው፣ ሱፍ ደረቅ ከሆነ ሙቀት ይይዛል። ግን ዝናብ ሲመታው ያበቃለታል፣ ከዚያ ደግሞ አይጥ አለ። ለአገር ሁሉ ብርድ ልብስ የሚሠራ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ተቀምጦ ለአንድ ቧንቧ ልብስ ማጣት ግን አያሳፍርም?

ሱቅ ለሱቅ ስዞር አንዱ ጋ ያ ጥቁር፣ ውስጡ ክፍት የሆነ የጎማ ስፖንጅ አገኘሁ። ልጁ «ለኤሲ ነው ጋሼ?» አለኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ኤሲ፣ ቤት ማቀዝቀዣ! «ለሙቅ ውሃ ነው» አልኩት። «ቧንቧው ስንት ነው?» «ግማሽ ኢንች።» «ይኸው ግማሽ ኢንች።» እያንዳንዱ 2 ሜትር ገደማ ነው፣ 8 ገዛሁና ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

አልገባም። በምላጭ በርዝመቱ ሰንጥቄ ብሞክር እንኳ አፉ አይገጥምም፣ እንደ ጠበበ ኮት ፊት ለፊት ክፍቱን ይቀራል። ለካ የኤሲ የመዳብ ቧንቧ ግማሽ ኢንች ሲባል የውጭ ስፋቱ ነው፣ 13 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የእኛ የውሃ ብረት ግማሽ ኢንች ደግሞ በስም ብቻ ነው፣ የውጭ ስፋቱ 21 ሚሊ ሜትር ነው። የሚያስፈልገኝ ባለ 22 ነበር! ሁለቱም ግማሽ ኢንች እየተባሉ ነው የሚሸጡት፣ እና ይሄን የሚነግርህ ሰው የለም። ልመልስ ስሄድ ልጁ አፉን ሳይከፍት በጣቱ ወደ ግድግዳው ጠቆመኝ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።»

ስለዚህ የምትገዙ ሰዎች፣ ቧንቧውን በውጭ በኩል ለክታችሁ በሚሊ ሜትር ጠይቁ። ውፍረቱንም እዩ፤ ስሱ 9 ሚሊ ሜትር ነው፣ እንደኛ ላለ ብርድ 13ቱ ይሻላል። የተሰነጠቀውን በማስቲሽ አጣብቁት። ፀሐይ የሚያገኘው ከሆነ ከላይ የሆነ ነገር ሸፍኑበት፣ ጥቁሩ ጎማ ፀሐይ ሲበዛበት ይሰነጣጠቃል። ኤልቦውን፣ ቧንቧው የሚታጠፍበትን መጋጠሚያ ማለቴ ነው፣ ማልበስ አትርሱ። ደግሞ አትታለሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ የቆመ ውሃ ምንም ብታለብሱት ጠዋት ቀዝቅዞ ነው የሚገኘው። ያቺ 3 ሊትር የትም አትሄድም። የሚጠቅመው ለተከታዩ ሰው ነው።

ባለ 22ቱን አዲስ አበባ ለሚመላለስ ዘመዴ አዝዣለሁ፤ እስኪመጣ እማዬ አሮጌ ባናዋን ቀድዳ አልብሳዋለች፣ በቀን ሁለቴም እየወጣች ታየዋለች። እስከዚያው ደብረ ብርሃን ውስጥ ኤሲ ያስገባ ሰው ካለ ኢንቦክስ ያድርገኝ። 7 ያልተነካ፣ አንድ በምላጭ የተሰነጠቀ ጎማ አለኝ፤ በግማሽ ዋጋ እሸጥለታለሁ።