ስምንት በር ያለው ቤት

እናቴ ቤት መግዛቴን የሰማችው በስልክ ቢሆንም ያመነችው ፎቶግራፍ ከላክሁላት በኋላ ነው። ፎቶግራፉን ያነሣሁት ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ስለ ነበር፣ በቀይ ጡብ የተሠራው ባለ ፎቅ ረድፍ ከዳር እስከ ዳር ገብቶበታል፤ ስምንት በር፣ ስምንት የፖስታ ቀዳዳ፣ በየበሩም ፊት አንዲት ነጠላ አልጋ የምታህል የአትክልት ቦታ። የእኔ ከግራ አምስተኛው ነው። ይህን መጻፍ ረሳሁ። በማግሥቱ የእድሯ ሴቶች ሳይቀሩ እየደወሉ «እንኳን ደስ ያለህ» ሲሉኝ ዋሉ፤ አንዷማ «ይህን ሁሉ ቤት ማን ሊጠርገው ነው?» ብላ አዘነችልኝ። ላርማቸው አስቤ ነበር። ነገር ግን ሆላንድ በኖርሁበት ዐሥራ ስድስት ዓመት ስሜ በእድሩ እንዲህ በክብር ተነሥቶ ስለማያውቅ እርማቱን ለሌላ ቀን አስተላለፍሁት።

ሆላንዶች ይህን ዓይነቱን ቤት የረድፍ ቤት ይሉታል። በግራም በቀኝም ያለው ግድግዳ የጋራ ነው፤ የግራው ጎረቤቴ ሲያስነጥሰው እኔ በዚህ በኩል ሆኜ «ይማርህ» እላለሁ። የገዛሁት አልሜሬ ውስጥ፣ አልሜሬ ባውተን በሚባለው ክፍል ነው። «ባውተን» ማለት በአገሩ ቋንቋ «ውጭ» ማለት ነው፤ ይህን ለእናቴ ስተረጉምላት «ውጭ አገር ከሄድህ በኋላ ደግሞ ምን የቀረ ውጭ አለ?» አለችኝ። የባሰው ግን የመሬቱ ታሪክ ነው። አካባቢው እ.ኤ.አ. እስከ 1968 ድረስ የሐይቅ ወለል ነበር። ሆላንዶች ውኃውን በግድብ ከልለው፣ በፓምፕ መጥጠው፣ ጭቃው ደርቆ እስኪረጋ ጠብቀው ከተማ ተከሉበት፤ የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎችም በ1976 የቤታቸውን ቁልፍ ተቀበሉ። ዛሬም ቢሆን ሰፈሩ ከባሕር ጠለል በታች ነው፤ ውኃው ተመልሶ እንዳይመጣ የሚጠብቅ ራሱን የቻለ የውኃ አስተዳደር አለ፤ ለእርሱም በየዓመቱ ግብር ይከፈላል። «አያትህ ከሐይቅ ዳር እንኳ አትደሩ ይሉ ነበር፤ አንተ መኻሉን ገዛህ» ብላ እናቴ ለቅዱስ ሚካኤል ተሳለች።

ቤቱ የተገኘው እንደ ማንኛውም የሆላንድ ቤት በኢንተርኔት ነው። ታዋቂው የቤት ሽያጭ ድረ ገጽ ፉንዳ ይባላል፤ በእኛ ቤት ግን ማንም ፉንዳ ብሎት አያውቅም፤ የምንለው «ፈንዳ» ነው። ማታ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ባለቤቴ «ፈንዳን ከፈትኸው?» ትለኛለች፤ እከፍተዋለሁ፤ ከዚያም ዋጋውን አይተን ሁለታችንም የታዘዝነውን እንፈጽማለን።

ቤቱን ለማየት የተሰጠን ሃያ ደቂቃ ነው። ከእኛ በፊት የገቡት ባልና ሚስት ሲወጡ ከእኛ በኋላ የሚገቡት በር ላይ ቆመዋል፤ ሁላችንም ፈገግ ብለን ሰላም እንባባል እንጂ የምንተያየው እንደ ጣውንት ነው። ሆላንዶቹ የጣሪያውን ሽፋን፣ የመስኮቱን መስታወትና ከኤ እስከ ጂ የሚሰጠውን የኃይል ቁጠባ ደረጃ ይጠይቃሉ። ባለቤቴ ግን ሳሎኑን የለካችው በካሬ ሜትር ሳይሆን በእንግዳ ነው። «ከዚህ እስከዚህ ዐሥራ ሁለት፣ እዚያ ጋ ሕፃን የያዙ ስድስት፣ ደረጃው ላይ ደግሞ ወጣቶቹ ይቀመጣሉ» ብላ ክርስትናውን ደግሳ ስትጨርስ ሃያው ደቂቃ አለቀ።

ከዚያ ዋጋው መጣ። እኔ ያደግሁት ገዢ በሚያስቀንስበት አገር ነው። እናቴ መርካቶ ስትገበያይ ሻጩ መቶ ካለ እርሷ ሠላሳ ትላለች፤ እርሱ በእናቱ ሞት ይምላል፤ እርሷ ፊቷን አዙራ ሦስት እርምጃ ትራመዳለች፤ አራተኛው ላይ ይጠራታል። ይህን ትምህርት ከልጅነቴ ጀምሮ ዘንቢል ተሸክሜ ከኋላዋ በመከተል ተምሬዋለሁ። በአልሜሬ ግን ሻጩ 395,000 ዩሮ ብሎ ከጻፈ በኋላ ዝም ይላል፤ ገዢው ማንም ሳይለምነው በላዩ ላይ ይጨምራል። ያውም በድብቅ ነው። ሌላው ተጫራች ስንት እንዳቀረበ ስለማይነገር፣ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲከራከር ያድራል። ማከላር የሚባለው ደላላችን (ደላላ ብዬ እንዳልጠራው ክራቫት አስሯል) ጨምር ጨምር አለኝ። በመጨረሻ 418,251 ዩሮ ብዬ አስገባሁ። እርሱም ምናልባት ሌላው በ250 ቢጨርስ በአንድ ዩሮ መቅደሜን አይቶ ስለ ብልሃቴ አመሰገነኝ። እኔ ግን 251 የጻፍሁት የአገሬ የስልክ መለያ ስለ ሆነና ገድ ይሆነኛል ብዬ ስላሰብሁ ነበር። አሸነፍሁ፤ ማለትም ከሁሉ የበለጠ የምከፍለው እኔ መሆኔ ተረጋገጠ።

ሕጉ ቅን ነው፤ ገዢው ከፈረመ በኋላ ሐሳቡን መለወጥ ቢፈልግ ሦስት ቀን ይሰጠዋል። ሽማግሌ ተልኮ ቃል ከታሰረ በኋላ እንዲህ ያለ ሦስት ቀን በእኛ ዘንድ እንደሌለ ለባለቤቴ አነሣሁባት፤ እርሷም «ለማን ነበር የሚያስፈልገው?» ብላ ወሬውን ዘጋችው።

አሁን መመርመር ያለበት ቤቱ ይመስላችኋል። ቤቱ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ታይቶ አለቀ፤ የተመረመርሁት እኔ ነኝ። ባንኩ የሚያበድረው ቤቱ በተገመተበት ዋጋ ልክ እንጂ በላዩ ሳንቲም አይጨምርም። ገማቹ መጥቶ 410,000 ብሎ ሄደ። ስለዚህ በፍርሃት የጨመርኋት 8,251 ዩሮ፣ በላይዋ 2 በመቶ የዝውውር ግብር፣ የኖታሪሱ (የውል አጽዳቂው)፣ የገማቹ፣ የአማካሪውና የማከላሩ ዋጋ ተደማምሮ 24,000 ዩሮ ያህሉ ከራሳችን ኪስ የሚወጣ ሆነ። ለራሱ መኖሪያ የሚገዛና 35 ዓመት ያልሞላው ሰው፣ የቤቱ ዋጋ ከተወሰነው ጣሪያ እስካላለፈ ድረስ፣ አንድ ጊዜ ከዝውውር ግብሩ ነጻ ይሆናል። እኔ በእናቴ አቆጣጠር ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ነገር ግን እዚህ አገር ስገባ የልደት ዘመኔን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሳይመልሱ እንዳለ ስለ መዘገቡት በወረቀት አርባ አንድ ሆኛለሁ። እነዚያ ሰባት ዓመታት ከዚህ በፊት ምንም ጎድተውኝ አያውቁም ነበር፤ አሁን ግን ከ8,000 ዩሮ በላይ አስከፈሉኝ።

የብድር አማካሪው ወጣት፣ ትሑትና ጠያቂ ነው። በሒሳባችን ዝርዝር ላይ በአንድ ቀን የገባውን 10,000 ዩሮ በቢጫ አስምሮበት «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ዕቁብ ነው።»

«ብድር ነው ወይስ ስጦታ?»

«ሁለቱም አይደለም፤ የገዛ ገንዘባችን ነው። ሃያ ሰዎች በየወሩ አምስት አምስት መቶ ዩሮ እናዋጣለን፤ ዕጣ የወጣለት ይወስዳል። እኛ የመጨረሻዎቹ ስለ ሆንን የማንም ዕዳ የለብንም።»

እስክሪብቶውን አስቀምጦ አሰላ። «ታዲያ ሃያ ወር ሙሉ ገንዘባችሁን ለሌላ ሰው ስትሰጡ ቆይታችሁ ያንኑ ያለ ወለድ ተቀበላችሁ?»

«አዎ።»

«ባንክ ብታስቀምጡት ወለድ ታገኙበት ነበር እኮ።»

«ባንክ ባስቀምጠው በልቼው ነበር። ዕቁብ ግን ዳኛ አለው።»

«ዳኛ» የሚለውን ቃል በቃል ስለ ተረጎምሁት፣ አማካሪው ገንዘቡ በፍርድ ቤት ክርክር ያለበት መስሎት ደነገጠ። እርሱን ለማረጋጋት ሁለት ገጽ ማብራሪያ ጻፍሁ፤ በሥሩም የዕቁባችን ዳኛ፣ በሙያው የአውቶቡስ ሾፌር የሆነው ወንድማችን፣ ፈረመበት። ዕድሜውን ሁሉ በአንዲት መስመር ባላት ደብተር የኖረው ዕቁብ በዚያን ቀን ፒዲኤፍ ሆነ።

ከሰነዶቹ ሁሉ የወደድሁት ግን ሻጮቹ የሚሞሉትን የዕቃዎች ዝርዝር ነው። በግራ በኩል የዕቃው ስም ተጽፏል፤ በቀኝ በኩል «ይቀራል»፣ «ይወሰዳል»፣ «በስምምነት ይሸጣል» የሚሉ ሣጥኖች አሉ። ሻጮቹ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው፤ እያንዳንዱን ሣጥን በጥንቃቄ ሞልተውታል። የበር ደወል ይቀራል። የፖስታ ሣጥን ይቀራል። የመጋረጃው ሐዲድ ይቀራል፤ መጋረጃው ግን ይወሰዳል። የሽንት ቤት ወረቀት መስቀያው ይቀራል፤ የሽንት ቤቱ ብሩሽ ይወሰዳል። በአርባ ምናምን ተራ ቁጥር ላይ «የሳሎኑ ወለል፣ በስምምነት ይሸጣል» የሚል አነበብሁና ከአራት መቶ ሺህ ዩሮ በላይ የከፈልሁት ለምኑ እንደሆነ ጠየቅሁ። ማከላሩ እንዳስረዳኝ ሲሚንቶው የእኔ ነው፤ በላዩ የተነጠፈው ጣውላ መሰል ንጣፍ ግን የእነርሱ ነው፤ ካልገዛሁት ነቅለው መውሰድ ይችላሉ። ዋጋው 600 ዩሮ ነው።

ያን ጊዜ የእናቴ ትምህርት ከእንቅልፉ ነቃ። ፊቴን አጨማድጄ፣ ንጣፉን በጫማዬ ጫፍ ነካ ነካ አድርጌ «ሦስት መቶ» አልሁ። ለመሐላው ተዘጋጀሁ፤ ለሦስቱ እርምጃም እግሬን አዘጋጀሁ። ሽማግሌው ሚስታቸውን አየት አደረጉና «መልካም» አሉ። ብቻ። እስከ ዛሬ ድረስ ያ «መልካም» እንቅልፍ ይነሣኛል። ለእናቴ ስነግራት «ወዲያው እሺ ካለህ ተበልተሃል፤ መቶ ሃምሳ ነበር ማለት የነበረብህ» አለች።

ኖታሪሱ ዘንድ ለመፈራረም የተቀመጥነው ግማሽ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ነው። ውሉን እየዘለለ አነበበልን፣ ፈረምን፣ ዝውውሩም በመሬት መዝገቡ ላይ ሰፈረ። የቤት ካርታ ለማውጣት ስንት ጫማ እንደሚያልቅ የሚያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ በቀላሉ ማለቁን ለማመን ይቸገራል፤ እኔም «ማኅተሙስ?» ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅሁ።

የገባን ዕለት ባለቤቴ በቀረልን ሐዲድ ላይ ስሱንም ወፍራሙንም መጋረጃ ሰቀለች። በሰፈሩ ግን መጋረጃ ገልጦ መኖር የተለመደ ስለ ሆነ፣ አመሻሽ ላይ በመንገዱ ሲያልፉ የሰው ሁሉ ራት እንደ ሱቅ ዕቃ በመስኮት ይታያል። በሦስተኛው ቀን የቀኟ ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ በትሕትና አንኳኩታ የሌሊት ሥራ እንሠራ እንደሆነ ጠየቀችን።

እሑድ ቡና አፈላን። ከጁላይ 2022 ጀምሮ በማንኛውም መኖሪያ ቤት በየፎቁ የጢስ ማስጠንቀቂያ መኖሩ ግዴታ ነው፤ ጠንቃቆቹ ሻጮች ደግሞ ሦስቱንም እርስ በርስ አገናኝተዋቸው ኖሯል። ዕጣኑ ፍሙን በነካ በሁለተኛው ደቂቃ ሦስቱም በአንድነት ጮኹ። ጎረቤታችን በካልሲዋ እየሮጠች መጣች፤ እሳቱ ረከቦት ሥር እንዳለ ስታይ ግን ተቀመጠች። አቦሉን ጠጥታ አመስግና ተነሣች፤ ባለቤቴ «ገና ነው» ብላ አስቀመጠቻት። ከቶናው በኋላም ተነሣች። በረካ የሚባል ነገር እንዳለ በሰማች ጊዜ ስልኳን አውጥታ የከሰዓት በኋላ ቀጠሮዋን አስተላለፈች።

በበረካው ላይ ወደ እኔ ጠጋ ብላ የሰፈሩን ምሥጢር ነገረችኝ። ማዘጋጃ ቤቱ በየዓመቱ የእያንዳንዱን ቤት ዋጋ ገምቶ ግብር ስለሚጥልበት፣ ሰዎች ቤታቸው የዚያን ያህል አያወጣም ብለው ይቃወማሉ፤ የረድፋችን ሰዎች በሙሉ ቤቶቻችን ርካሽ ናቸው ብለን አብረን ብንጽፍ መልካም ነው። እናቴ በስምንት ያበዛችውን ቤት እኔ በፊርማዬ ላራክሰው ተስማማሁ።

ትናንት ደግሞ የአጎቴ ልጅ ከአዳማ ደወለልኝ። ቪዛ ከተሰጠው በበጋ ሊጎበኘኝ ነው፤ ፎቶግራፉንም እናቴ ዘንድ አይቶታል። «እኔ ሰው ማስቸገር አልወድም፤ ቤተ ሰብህን ከመኻል አታስነሣብኝ። ከዳር ያለችው በር ትበቃኛለች፤ በጎን በኩልም መስኮት አላት መሰለኝ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የጎን መስኮት ስላላትም ከረድፉ ሁሉ እርሷ ትወደዳለች።